«አረብ አገር ነው ብለው ፈሩብኝ» ላልሽው እህታችን፦ ሞሮኮ እኔ እንደማውቃት

ሰላም እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። «ሞሮኮ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ፣ ግን እናቴ አረብ አገር ነው ብላ እምቢ አለች። አገሩና ሕዝቡ ምን ይመስላል?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ዋና ከተማዋ ራባት ስለተማርኩ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

እናትሽ «አረብ አገር» ሲሉ የሚታያቸው ቤይሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት ገብታ ያልተመለሰች የሰፈር ልጅ ናት። እንዲህ መፍራታቸው አይፈረድባቸውም። ሞሮኮ ግን የምትኖሪው በአሠሪ ስም አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ የሚወጣው በተማሪነትሽ፣ በራስሽ ስም ነው። ፓስፖርትሽም ከቦርሳሽ አይወጣም። ሌላውን ሁሉ ከመናገርሽ በፊት ይህን ንገሪያቸው።

ሕዝቡም አረብ ብቻ አይደለም። ሪፍ፣ አትላስና ሱስ የሚባሉት አካባቢዎች የአማዚግ (በርበር የሚባሉት ነባር ሕዝቦች) አገር ናቸው። ቋንቋቸው በ2011ዱ ሕገ መንግሥት ከአረብኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል፤ ቲፊናግ የሚባለውን ፊደላቸውንም በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ታዪዋለሽ። ጥር ላይ የሚውለው አዲስ ዓመታቸው ከ2024 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ሥራ ይዘጋል። የራሱ ፊደልና የራሱ ዘመን መለወጫ ላለው ሕዝብ እኛ እንግዳ አይደለንም።

በጣም የሚያስቸግርሽ ቋንቋው ነው። መንገድ ላይ የሚነገረው ዳሪጃ የሚባለው የሞሮኮ አረብኛ ነው፤ ጅዳ የኖረ ሰው እንኳ ቶሎ አይገባውም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ደግሞ ሕክምናው፣ ምህንድስናው፣ ሳይንሱ በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች በ1956 ለቀው ቢወጡም ቋንቋቸው እስካሁን የሀብታምና የድሃ መለያ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ለረጅም ጊዜ ሳይንስን በአረብኛ ተምረው ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ፈረንሳይኛ ይጠብቃቸው ነበር፤ በ2019 የወጣው ሕግ ነው ሳይንስን ከታች ጀምሮ በፈረንሳይኛ ለማስተማር በር የከፈተው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የምትንገዳገጂው አንቺ ብቻ አትሆኚም። ከነዚያ ልጆች ጋር አጥኚ፤ አጥብቀው የሚይዙሽ እነሱ ናቸው። ከአሁኑም ፈረንሳይኛ ጀምሪ።

ስለ ቆዳ ቀለም ደግሞ አልዋሽሽም። ጥቁር አፍሪካዊን «አዚ» ብሎ የሚሳደብ ጎረምሳ አለ፤ ቤት ስትከራዪም ፊት የሚነሳሽ አከራይ ይኖራል። «አፍሪካውያን» ሲሉ ራሳቸውን ሳይቆጥሩ ነው፤ ይህ እስከመጨረሻው ያናድደኝ ነበር። «ከሐበሻ ነኝ» ስትዪ ግን ብዙ ጊዜ ፊታቸው ይፈታል፤ የነቢዩን ተከታዮች ያስጠለለውን ነጃሺን ሁሉም ያውቀዋል። ዕድሜው ገፋ ያለ የታክሲ ሾፌር ከገጠመሽማ አቴንስ 2004ን ያነሳብሻል፤ ሂሻም ኤል ገሩዥ ቀነኒሳን በ5,000 ሜትር የቀደመበትን። ወጣቱ ደግሞ የ3,000 ሜትር መሰናክል ሯጮቹን፣ የነሱን ሱፊያን ኤል ባካሊንና የእኛን ለሜቻን ያነሳል። እዚያ ላይ መከራከር ትችያለሽ፣ ይወዱታል።

መከራከር የሌለብሽ ሦስት ነገር አለ፦ ንጉሡ፣ እስልምና፣ ምዕራብ ሰሃራ። ከ1999 ጀምሮ የነገሡት መሐመድ ስድስተኛ የሃይማኖቱም መሪ ናቸውና በቀልድ አይነሱም። ምዕራብ ሰሃራ ደግሞ ሞሮኮ የራሴ ናት የምትላት፣ ነጻነት የሚጠይቁ ያሉባት ግዛት ናት፤ አገሪቱ በ1984 ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት የወጣችው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ የተመለሰችው በ2017፣ እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ነው። ሰሃራን ለይቶ የሚያሳይ ካርታ ፌስቡክሽ ላይ አትለጥፊ።

አለባበስ የሚያስገድድሽ የለም፤ ጂንስ የለበሰችና የተከናነበች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ታያለሽ። በ2004 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎ ለሴቶች የፍቺ መብትን አስፍቷል፤ ዳኛ በልዩ ፈቃድ ከዚያ በታች ማጋባቱ ግን አልቀረም። መንገድ ላይ መለከፍ አለ። ከ2018 ጀምሮ በሕግ ያስቀጣል፣ ልጆቹ ግን ሕጉን የሰሙ አይመስሉም። ወንዶች ብቻ የሚቀመጡባቸው ካፌዎችም ስላሉ ከመግባትሽ በፊት ቃኘት አድርጊ።

ለጾም አትቸገሪም። ቢሳራ የሚባል፣ ከደረቅ ባቄላ ተሠርቶ የወይራ ዘይትና ከሙን የሚደረግበት ሾርባ አለ፣ ርካሽ ነው። ሐሪራ የሚባለው ሾርባ ግን ብዙ ጊዜ ሥጋ ስላለበት ጠይቀሽ ብዪ። ዓርብ ኩስኩስ ላይ ከጠሩሽ አትቅሪ፤ ከአንድ ሰሃን መብላትን ለእኛ የሚያስተምረን የለም። ራባት የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል አለ፤ የካቶሊክ ቢሆንም እሁድ እሁድ በአፍሪካውያን ተማሪዎች ይሞላል። በረመዳን ቀን ውጪ አትብዪ።

ባሕር ዳርቻውን ብቻ አይተሽ አገሩን አየሁ አትበዪ። በዳርቻው ከታንጀር ካዛብላንካ የሚሄድ፣ በከፊሉ መንገድ በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር አለ። በመስከረም 2023 የመሬት መንቀጥቀጡ ወደ 3,000 ሰው ሲገድል ግን የአትላስ መንደሮች ጋ እርዳታ በአህያ ነበር የደረሰው።

በመጨረሻ፣ ጋቢሽን እንዳትረሺ። የራባት የብርድ ወቅት እርጥብ ነው፤ አብዛኛው ቤት ማሞቂያ የለውም። በርበሬም ያዢ፣ የነሱ ቃሪያ አያቃጥልም። ገንዘባቸው ድርሃም ከአገሩ ውጪ እንደልብ ስለማይመነዘር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዩሮ ወይም ዶላር ይኑርሽ። እናትሽ ከፈለጉ በስልክ አናግራቸዋለሁ፣ በውስጥ ጻፊልኝ።