በረዶው ሲቀልጥ ሙቀቱ የት ይገባል?

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ልጄ ለኬሚስትሪ የቤት ሥራዋ የተፈጨ በረዶ በድስት አድርጋ ምድጃ ላይ ጣደች፤ እሳቱ እየነደደ ቴርሞሜትሩ ግን ከ0 ዲግሪ አልነቃነቅ አለ። በፈላ ውኃ ውስጥ ስትከተውም 100 ሳይደርስ 92 ላይ ቆመ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነው፤ ልጅዎም በደንብ ለክታለች። ቴርሞሜትር የሚናገረው ሞለኪውሎች ምን ያህል በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ ነው፤ በረዶ በሚቀልጥበት ጊዜ ግን ከምድጃው የሚመጣው ሙቀት ፍጥነታቸውን ከመጨመር ይልቅ በየቦታቸው አስሮ የያዛቸውን ትስስር ለማላላት ይውላል። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ በ18ኛው መቶ ዘመን ይህን ድብቅ ሙቀት ብሎታል። ለ1 ግራም በረዶ 334 ጁል (ጁል የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ያስፈልጋል፤ ይኸው ሙቀት 1 ግራም ውኃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ያደርሰው ነበር። በረዶውን ካላማሰለችው ግን ከሥር ያለው ውኃ ቀድሞ ይሞቃልና ንባቡ ይዛባል።

92 ዲግሪው የከተማችን ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ሙቀቱም ዝቅ ያለ በመሆኑ ሽሮውም ሆነ ባቄላው ለመብሰል ይዘገያል። ሲፈላም የሙቀት መጠኑ ባለበት ይቆማል፤ 1 ግራም ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ከ2,200 ጁል በላይ ይወስዳል። የምጣዱን አክንባሎ ሲያነሡ እጅዎን የሚለበልበው እንፋሎት፣ ቆዳዎ ላይ ውኃ ሲሆን ያንኑ ሙቀት መልሶ ይለቀዋል።