ሎሚዬን ያደከመው አመድ ነበር

እህቴ፣ «ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢዬ ሁለት ጊዜ ተክዬ ሁለቴም አልሆነልኝም፤ ሎሚው ቢጫ ይሆናል፣ ቲማቲሙ አበባውን ያራግፋል። ባለሙያ ላስጠራ ወይስ ቪዲዮ እያየሁ ልሞክር?» ብለሽ ጠይቀሻል። አስጠሪ። ለምን እንደምልሽ ከራሴ ጥፋት ልንገርሽ።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። እናቴ የምድጃ አመድ ጎመኑ ሥር ትበትን ነበር፤ ጎመኑም ያምርላት ነበር። ድሬዳዋ ከመጣሁ በኋላ እኔም ያንኑ ቀጠልኩ። ጓሮ የተከልኳት ሎሚ በሁለተኛው ዓመት አዲስ የምታወጣው ቅጠል ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እንደ መረብ ይታያል። ርቧት ይሆናል ብዬ አመድ ጨመርኩ፤ ባሰባት። ውሃ ጨመርኩ፤ ይበልጥ ባሰባት።

በመጨረሻ ጎረቤቴ አንዲት የከተማ ግብርና ባለሙያ ይዞልኝ መጣ። ዕድሜዋ ከልጄ ስለማይበልጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልጠበቅኩባትም። ቅጠሉን ገልብጣ አየችና «ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ያምጡልኝ» አለች። ውስጡን አሳየችኝ፤ እዚህ ከተማ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ያ ነጭ ቅርፊት ነው። ቀጥላ አቼቶ ጠየቀች። ከሎሚዋ ሥር አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር አንስታ ሳህን ላይ አደረገችና ጠብ አደረገችበት። አፈሩ ፍስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

ኖራ ነው። ውሃችንም አፈራችንም ኖራ ይበዛበታል። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ተቆልፎ ስለሚቀር ሎሚ በበቂ አይስበውም፤ ያ ቢጫነት የብረት እጥረት ነበር። አመድ ደግሞ ሥራው እንደ ኖራ ነው። የእናቴ መሬት አሲዳማ ስለነበር አመዱ መድኃኒቱ ሆነ፤ እኔ ግን በኖራ ላይ ኖራ ስጨምር ኖርኩ።

በቪዲዮዎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው። አብዛኛዎቹ አይዋሹም፤ የሚያስተምረው ሰው የቆመበት አፈር ግን ያንቺ አይደለም። ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም። ሐረማያ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ እኛ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ነን፤ በመሃል ያለውን የደንገጎን ቁልቁለት ወርደሽ ስትጨርሺ ሌላ አየር ውስጥ ገብተሻል። ድንችና ካሮቱ ከዚያ በመኪና ይምጣልሽ፤ ጓሮሽን ለባሚያ፣ ለቃሪያ፣ ለዘይቱን (ጓቫ) እና ለጊሽጣ አድርጊው።

ሎሚዋን እንዴት እንዳዳንናት ልንገርሽ። አመዱ ቀረ። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ከግንዱ ራቅ አድርጌ ዙሪያዋን አለበስኳት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨቱን ትቼ፣ አፈሩ የአንድ ጣት ጥልቀት ያህል ሲደርቅ ብቻ አርክቼ ማጠጣት ጀመርኩ፤ ሁልጊዜ የሚረጥብ አፈር የብረቱን ችግር ያባብሰዋል። ባለሙያዋ የብረት ማዳበሪያ በውሃ በጥብጣ ቅጠሉ ላይ ረጨችልኝ፤ መጠኑን ያለ ባለሙያ አትሞክሪው፣ ከበዛ ቅጠል ያቃጥላል። የቢጫው ቅጠል ብዙም አልተመለሰም፤ አዲሱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

ለኮምፖስቱ የጫት ገረባ፣ ማለትም ከቃሚ የተረፈውን፣ በነጻ ታገኛለሽ፣ ፍየሎች ካልቀደሙሽ። ሆኖም መድኃኒት የተረጨ ጫት ስላለ ከየት እንደመጣ ጠይቂ።

የቲማቲምሽ ነገር ከአፈሩ ይልቅ የወሩ ጉዳይ ይመስለኛል። እኔ የካቲት ላይ ተክዬ ሚያዝያ አበባው ሲረግፍ ተባይ ነው ብዬ አንድ ሱቅ የሰጠኝን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ረጭቻለሁ፤ ገንዘቤም ንቦቹም ሄዱ። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። መስከረም መጨረሻ ላይ ችግኝ አፍዪ፣ ጥቅምት መጨረሻ አዛውሪ፤ ፍሬው ጥር ላይ ይደርስልሻል።

ፓፓያ ካማረሽ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ትከዪና ሲያብቡ ፍሬ የምትሰጠውን አንዷን ብቻ ትተሽ ሌሎቹን ንቀይ። አበባው በረጅም ዘንግ ተንዠርግጎ ከወረደ ወንዴ ነው። የእኔዎቹ አራቱም ነጠላ ነጠላ የተተከሉ ነበሩ፤ ሦስቱ ወንዴ ሆነው ለጥላ ቀሩ።

ባለሙያ ለማግኘት መጀመሪያ ቀበሌሽ ሄደሽ የከተማ ግብርና ሠራተኛ ጠይቂ። ከመትከልሽ በፊት ጥሪያቸው እንጂ ከታመመ በኋላ አይሁን፤ ሲመጡም ጉድጓዱን ራሳቸው ይዩት፣ በስልክ አታስረጂ። አቼቶም ቤት ውስጥ ይኑርሽ፤ እኔ በዚያ ቀን ከጎረቤት ስዋስ ነው የዋልኩት።