ለቤት የሚሆን ጥሩ የኤስፕሬሶ ማሽን እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። በቤታችን ጀበና ሳይጣድ የሚውልበት ቀን የለም፤ ሆኖም ባለቤቴ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ማኪያቶ መጠጣት ይወዳል፣ እንግዳም አይጠፋብንም። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ ጥሩ የኤስፕሬሶ ማሽን ሊያመጣልን ቃል ገብቷል። ስለ ዋጋው ሳናስብ ለብዙ ዓመት የሚያገለግለንን እንድንመርጥም ነግሮናል። እሱ ራሱ ያሰበው መፍጫው ከማሽኑ ጋር አንድ ላይ የተሠራና ስክሪን ያለው ነው። ጎረቤታችን ግን ሁለት ቦይለር (ውሃ የሚሞቅበት ጋን) ያለውን የጣሊያን ሥራ ምረጡ ይሉናል። የትኛው ይሻለናል? ከቧንቧ ጋር መገናኘትስ አለበት? የምንጠጣው የዘጌ ቡና ሲሆን የምንቆላውም ራሳችን ነን።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ከተባልሁ ከጎረቤትዎ ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያቴን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ለወንድምዎ ዛሬውኑ ሊነገራቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡት ማሽኖች የሚሠሩት በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ አገር መስመር ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ብዙዎች ይህን በትራንስፎርመር እንፈታዋለን ብለው ያስባሉ። ነገር ግን የእነዚህ ማሽኖች ማሞቂያ ብቻውን 1,400 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ ትራንስፎርመሩ ትልቅና ከባድ መሆን ይኖርበታል፤ ከዚህም በላይ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ውስጥ ያለው የሚንቀጠቀጥ ፓምፕ ምቱን የሚያገኘው ከዚያው ከኸርዙ ስለሆነ፣ ለ60 ተሠርቶ በ50 ሲሠራ እንደታሰበው አይገፋም። ስለዚህ ወንድምዎ ማሽኑን ከሚኖሩበት ከተማ ሱቅ ከሚያነሡት ይልቅ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውንና ጀርባው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቢያዝዙ እጅግ ይሻላል።

የመብራቱ ነገር ከተነሣ፣ ማሽኑ የሚስበው ኃይል የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚስበው ያንሳል፤ ሆኖም በአንድ መስመር ላይ እንጀራ እየተጋገረ ማሽን ማሞቅ አይመከርም። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል በመጀመሪያ የሚቃጠለው ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ ክፍል ነው፤ ስለዚህ የማሽኑን ዋት በደንብ የሚችል ስታብላይዘር ከማሽኑ ጋር አብሮ ሊገዛ ይገባል። ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ትንሹ ለዚህ አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የማሽን አምራቾች መመሪያቸውን የሚጽፉት ግን በአብዛኛው ቆላ ላይ፣ ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። ለኤስፕሬሶ የሚመከረው ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሲሆን፣ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ በ95 ወይም በ96 ላይ ተስተካክሎ ሊመጣ ይችላል። ቦይለሩ ውስጥ ግፊት ስላለ ውሃው በዚህ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ከቧንቧው ወጥቶ ግፊት ገና ባልተፈጠረበት በቡናው አናት ላይ ሲያርፍ ግን በከፊል ወዲያው ይተናል። የሚንተከተከው ውሃ ተስተካክሎ የተጠቀጠቀውን ቡና ገጹን ይቆፍረዋል፤ ውሃው በተቆፈረው በኩል ብቻ ስለሚያልፍ ሲኒው ውስጥ የሚገኘው በአንድ ጊዜ መራራም ኮምጣጣም የሆነ ቡና ይሆናል። ባለቤቱ ጥፋቱን ከቡናው ወይም ከራሱ እጅ ይፈልጋል፤ መፍትሔው ግን ሙቀቱን ወደ 92 ወይም 93 ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ለሚቀመጥ ማሽን እኔ የማስቀድመው መመዘኛ ሙቀቱ በዲግሪ ልክ መስተካከል መቻሉን ነው። ይህን የሚያደርገው ክፍል ፒአይዲ ይባላል፤ ወንድምዎ በዚህ ስም ይጠይቁ።

ሁለት ቦይለር ያለው ማሽን የሚመረጠውም ከዚሁ የተነሣ ነው። አንዱ ቦይለር ለቡናው፣ ሌላው ለወተቱ እንፋሎት ስለሚሆን የቡናውን ሙቀት እንፋሎቱን ሳይነኩ ማስተካከል ይቻላል፤ ባለቤትዎ ማኪያቷቸውን ሲሠሩም ቡናው እየወረደ ወተቱን ማሞቅ ይችላሉ። አንድ ቦይለር ብቻ ያለው ማሽን ቡናውን ካወረደ በኋላ ለእንፋሎት እስኪግል ያስጠብቃል፤ ይህ ለአንድ ሰው አያስቸግርም፣ አራት እንግዳ በተቀመጠበት ቤት ግን ያሳፍራል። በሁለቱ መካከል ያለው ዓይነት ደግሞ የቡናውን ውሃ በእንፋሎቱ ቦይለር ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ የሚያሞቀው ነው። ይህ ማሽን ሥራ ፈትቶ ከቆየ በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከሚገባው በላይ ስለሚግል፣ ከእያንዳንዱ ቆይታ በኋላ ጥቂት ውሃ አፍስሶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የእኛ ከፍታ ይጠቅማል፦ የሚፈሰው ውሃ መንተክተኩንና መፍጨርጨሩን ያቆመበት ቅጽበት ወደ 94 ዲግሪ መውረዱን ያሳያልና፣ ትንሽ ጨምሮ ማፍሰስ ይበቃል። ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ አንባቢ ይህንን ዓይነት ቢገዛ አልቃወምም።

በጣሊያን ማሽኖች ፊት ላይ የሚታየውና ኢ61 የሚባለው ትልቅ የናስ ራስ (የቡናው መያዣ የሚገጠምበትና ውሃው በቡናው ላይ የሚወርድበት ክፍል) ፋኤማ የተባለው ኩባንያ በ1961 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው ነው፤ እስከ ዛሬም ብዙ ኩባንያዎች ይሠሩበታል። ጥንካሬው የተመሰከረለት፣ መለዋወጫውም በቀላሉ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ብዙ ኪሎ የሚመዝን ብረት ስለሆነ በደንብ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥርም ጥበቃው እንደገና ይጀምራል። ባለቤትዎ በማለዳ የሚወጡ ከሆነ ይህ የማሽኑ ራስ በቀጥታ በኤሌክትሪክ የሚሞቅበትን ዓይነት ብትመርጡ ጊዜ ታተርፋላችሁ።

ወንድምዎ ወዳሰቡት ልመለስ። መፍጫና ማሽን በአንድ አካል ሲሠሩ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም ወደ ጥገና ይሄዳሉ፤ ውስጥ የሚገባው መፍጫም ብዙውን ጊዜ ከማሽኑ ያነሰ ደረጃ ያለው ነው። ኤስፕሬሶ ደግሞ በመፍጫ ይሞታል፣ በመፍጫ ይድናል። 18 ግራም ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ 36 ግራም ያህል መጠጥ እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ የመፍጫው ጥርስ በፀጉር ያህል ሲላላ ግን ያው ቡና በ15 ሰከንድ ፈስሶ ያልቃል፣ በዚያው ልክ ሲጠብቅ ደግሞ ጠብ ጠብ እያለ 40 ሰከንድ ያልፋል። ሙቀጫም ሆነ በሚሽከረከር ስለት የሚቆራርጠው ርካሽ መፍጫ ለጀበና ያገለግላል፣ ለዚህ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ከተመደበው ገንዘብ ሲሶው ልኩን በተወሰኑ እርከኖች ሳይሆን በፈለጉት መጠን ማጥበቅና ማላላት ለሚቻልበት፣ የብረት ጥርስ ላለው የተለየ መፍጫ ቢውል ቅር አይበላችሁ። ማሽኑ ከታሰበው አንድ ደረጃ ዝቅ ቢል እንኳ በሲኒው ውስጥ የምታገኙት ይበልጣል።

የዘጌን ቡና መጠጣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። በገዳማቱ ዙሪያ ባለው ደን ጥላ ሥር የሚያድገውና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቀው ይህ ቡና ከወተት ጋር ጥሩ ይስማማል። አቆላሉ ላይ ግን ልማዳችሁን መለወጥ ይኖርባችኋል። ለጀበና ቡናው ተቆልቶ ጢሱ ሳይጠፋ ይወቀጣል፤ በማሽን ግን ትኩስ የተቆላ ቡና በውስጡ የያዘው ጋዝ በግፊት ሲወጣ ክሬማውን (በኤስፕሬሶ ላይ የሚንሳፈፈውን ቡናማ አረፋ) እንደ ሳሙና አረፋ ይነፋዋል፣ ውሃውንም እኩል እንዳያልፍ ያውከዋል። ከቆላችሁት በኋላ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ከአምስት እስከ አሥር ቀን አሳርፉት። ለማሽኑ የሚሆነው ቡና ዘይት እስኪያወጣ ባይጠቁርም መልካም ነው፤ ዘይቱ መፍጫው ውስጥ እየተጣበቀ ይሻግታል። በብረት ምጣድ ሲቆላ ፍሬው እኩል ስለማይበስል አነስ አድርጎ፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ መቁላት ይጠቅማል።

ከቧንቧ ጋር ስለ ማገናኘት የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ፦ አታገናኙት። ውሃ ሲቋረጥና ሲመለስ የሚመጣው ደለልና የግፊት ለውጥ ፓምፑን ይጎዳል፤ የራሱ ማጠራቀሚያ ያለው ይበቃችኋል። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ የሚጋገር ከሆነ ያው ነገር በቦይለሩም ውስጥ ይጋገራልና ውሃውን በሚያለሰልስ ማጣሪያ አሳልፉት። ፈጽሞ ማዕድን የሌለው፣ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃ ግን አይግባበት፤ ብረቱን ይበላዋል፣ የአንዳንድ ማሽኖች የውሃ መጠን መለኪያም አያውቀውም።

ወንድምዎ ማሽኑን ሲያዝዙ አብረው ሊያመጧቸው የሚገቡ ትናንሽ ዕቃዎችም አሉ፦ የማሽኑ ራስ ጎማ ሁለት ወይም ሦስት፣ አንድ ተጨማሪ የውሃ መርጫ ወንፊት፣ ለማጠቢያ የሚሆን ቀዳዳ የሌለው ማጣሪያና የማጠቢያው ዱቄት። ጎማው በሙቀት እየደረቀ ውሃ በጎን ማፍሰስ ሲጀምር ይለወጣል፤ ዋጋው ትንሽ፣ ሥራውም ቀላል ቢሆንም፣ ልኩ እዚህ ከታጣ ግን ያ ሁሉ ማሽን ያለ ሥራ ይቀመጣል። የጉምሩኩን ቀረጥ ደግሞ ከመጫኑ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ፤ ደረሰኙም ከማሽኑ ጋር አብሮ ይምጣ።