ግራብ ፋይልሽን እየመለሰ 444 የሚያደርገው ማን ነው?

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄዋን ላላየ ባጭሩ ይሄ ነው። ኦዲተሮች መጥተው ኡቡንቱ 20.04 ሰርቨራቸው ላይ የቡትሎደሩ (የግራብ፣ ማሽኑ ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ፋይል፣ ግራብ ዶት ሲኤፍጂ፣ ለማንም ተጠቃሚ ይነበባል ብለው ጻፉባቸው። እሷም ችሞድ በሚባለው የፐርሚሽን መቀየሪያ ኮማንድ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ብላ ዘጋችው። ሰንብታ ስታየው ተመልሶ 444 (ማንም የሚያነበው) ሆኖ አገኘችው። ሰው ገብቶብን ይሆን ብላ ደንግጣለች። ከመለሱላት መሃል አንዱ «ክሮን ጆብ (በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚሮጥ ሥራ) ጻፊለትና በየሰዓቱ 600 ያድርገው» ይላል። ሌላው «ምንም አያመጣም፣ ተዪው» ይላል።

ሁለቱንም አትስሚ። ማንም አልገባባችሁም። ፋይሉን የሚመልሰው ራሱ ኡቡንቱ ነው። የሚመልስበትም ምክንያት አለው፤ ያንን ምክንያት ካልነካሽ ዕድሜሽን ሙሉ ችሞድ ስትዪ ትኖሪያለሽ።

እኔ የምሠራበት ቢሮ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ የተዛወረ ነው። ሰርቨሮቹን ተሸክመን ገብተን ኬብል ዘርግተን ሳንጨርስ ኦዲት መጣብን። ያንቺኑ ግኝት፣ ያንቺኑ ቁጥር ነው የጻፉብን። ስለዚህ ያንቺም ነገር እንደኛው ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። መሠረታዊውን ታውቂዋለሽና እሱን እዘለዋለሁ።

1ኛ፦ ፋይሉን ማን እንደሚጽፈው ያዢ። ግራብ ዶት ሲኤፍጂ በእጅ የሚጻፍ አይደለም፤ አናቱ ላይ ራሱ አትንኩኝ ይላል። ከባዶ ተነስቶ የሚጽፈው አፕዴት-ግራብ የሚባለው ኮማንድ ነው። አዲስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) በገባ ቁጥር ሳትጠሪው ይሮጣል። ጽፎ ሲጨርስ አንድ ነገር ይፈትሻል፦ «ፓስወርድ» በሚል ቃል የሚጀምር መስመር አለ ወይስ የለም? ከሌለ፣ የሚደበቅ ነገር የለም ብሎ 444 ያደርገዋል። ካለ ዘግቶ 600 ላይ ይተወዋል። ያንቺ 600 ዕድሜው እስከሚቀጥለው ከርነል ድረስ ብቻ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ስታት ብለሽ ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት እዪ። ከዚያ ቫር፣ ሎግ፣ አፕት ውስጥ ገብተሽ ሂስትሪ ሎጉን ክፈቺ። እኛ ጋ ሁለቱ ልክክ አሉ። ሰዓቱ በሰርቨሩ 6 አለፍ ብሎ ነው፤ በኛ ማለዳ 12 ሰዓት ማለት ነው፣ ጥበቃው እንኳ የቢሮውን በር ሳይከፍት። ኡቡንቱ የደህንነት አፕዴቱን ሰው ሳይጠይቅ የሚጭነው በነባሪው ከ6 እስከ 7 ባለው ሰዓት ነው። እኔ ያቺን የሎግ መስመር ፕሪንት አድርጌ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ያን ሰሞን «ማን ነካው?» እየተባለ የአይቲ ክፍሉ ልጆች ሁሉ በጥርጣሬ ይታዩ ነበር። ንጹሕ ሰው ሲጠረጠር ማየት ያማል። አንቺም መጀመሪያ ይህን አድርጊ፣ የቡድንሽን ስም አጽጂ።

ክሮን ጆቡን ተዪው ያልኩሽ ለዚህ ነው። በአፕዴቱና በክሮኑ መሃል ፋይሉ ክፍት ነው፤ ኦዲተሩ በዚያች ሰዓት ከመጣ ደግሞ ያው ግኝት ይጻፍብሻል። ሌሎች ደግሞ አፕዴት-ግራብ በውስጡ የሚያስኬደውን የግራብ ኤምኬኮንፊግን ስክሪፕት ከፍተሽ 444 የሚለውን 400 አድርጊው ይሉሻል። ይሠራል፣ ግን ስክሪፕቱ ኢቲሲ በሚባለው የማስተካከያ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ያለ ኮንፊግ ስላልሆነ የግራብ ፓኬጅ አፕዴት ሲደረግ ይጠፋል። ያኔ ማን ያስታውሰዋል?

2ኛ፦ «600 ካደረግሽው ሰርቨሩ አይነሳም» የሚሉሽን አትፍሪ። ግራብ ያንን ፋይል የሚያነበው ሊኑክስ ገና ሳይነሳ ነው። በዚያ ሰዓት ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) የለም፣ ተጠቃሚ የለም፣ ፐርሚሽን የሚያስከብር ከርነል የለም። ፋይሉ 000 ቢሆን እንኳ ማሽኑ ይነሳል። ፐርሚሽኑ የሚጠብቅሽ ሊኑክስ ከተነሳ በኋላ፣ ሰርቨሩ ላይ አካውንት ካለው ሌላ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ፓስወርድ የሌለበት ግራብ ፋይል ውስጥ የሚያገኘው የከርነል ስሪት፣ የዲስክ መለያ ቁጥርና የማስነሻ አማራጮች ናቸው። ትልቁ ምስጢር የሚመጣው የፓስወርድ ሃሽ (ፓስወርዱ ተፈጭቶ የተቀመጠበት ጽሑፍ) ሲገባበት ነው። ይሄ ተራ ነገር እንዳይመስልሽ፤ በ2021 በደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2021-3981 ተብሎ የተመዘገበው የግራብ ስህተት ይኸው ነው። ፋይሉ በተሳሳተ ፐርሚሽን እየተፈጠረ ሃሹን ለተራ ተጠቃሚ ያጋልጥ ነበር። ስለዚህ «ምንም አያመጣም» ያለሽ ሰው ነገሩን በግማሽ ነው የሚያውቀው።

3ኛ፦ መፍትሔው እንግዲህ ፓስወርዱን ማስገባት ነው። ፓስወርድ ከገባ ኡቡንቱ ራሱ ይዘጋዋል፣ በየጊዜው መሮጥ የለብሽም። ግራብ-ኤምኬፓስወርድ-ፒቢኬዲኤፍ2 በዪ፣ ሁለት ጊዜ አስገቢ፣ ረጅም ሃሽ ይሰጥሻል። እሱን ኢቲሲ፣ ግራብ ዶት ዲ ውስጥ ያለው 40 ከስተም ፋይል ላይ ከሱፐርዩዘር (ግራብ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ስሙ ጋር ትጽፊዋለሽ፣ አፕዴት-ግራብ ትያለሽ።

እዚህ ጋ ቁሚ። እኛን ያስለቀሰን ይሄ ቦታ ነው።

40 ከስተም ሲመጣ ፐርሚሽኑ 755 ነው። ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ያነበዋል። ግራብ ዶት ሲኤፍጂን 600 ብለሽ ቆልፈሽ ሃሹን 40 ከስተም ውስጥ ክፍት መተው የፊት በሩን ቆልፎ የጓሮውን እንደ መርሳት ነው። ኦዲተሩ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ አይጠይቅሽም፣ አንቺ ግን ልታውቂው ይገባል። ታዲያ ስትዘጊው 700 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው፣ የሚጽፈውና የሚያስኬደው) አድርጊው። 600 እንዳታደርጊው። ደግሜ እልሻለሁ፣ 700!

ምክንያቱም አፕዴት-ግራብ ከዚያ ፎልደር ውስጥ የሚያስኬደው የኤክስ (የማስኬድ) ፐርሚሽን ያላቸውን ፋይሎች ብቻ ነው። ኤክሱን ካነሳሽበት ፋይሉን ዘሎት ያልፋል። ስህተት አይጽፍም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ጭጭ ነው። ፓስወርድሽ ከግራብ ፋይሉ ላይ ይወድቃል። ፓስወርድ ስለሌለበት ደግሞ ስክሪፕቱ 444 ያደርገዋል። አንድ ቁጥር ተሳስቶ የዘጋሽው ሁሉ ይከፈታል።

«ይህን እንዴት አወቅሽው?» አትዪኝም? ግኝቱ መጀመሪያ ሲጻፍብን አለቆቻችን የውጭ ድርጅት ቀጠሩ። ስሙን አልጠራም። አንድ ባለሙያ መጣ፣ ፓስወርዱን አስገባ፣ ከዚያ ግራብ ዶት ሲኤፍጂንም 40 ከስተምንም 600 አድርጎ ሰነድ አስፈርሞ ሄደ። ሲያስረክብ ሁለቱም 600 ነበሩ፣ እውነቱን ነው። የሚቀጥለው ከርነል ሲገባ ፓስወርዱም ወደቀ፣ ፋይሉም ተከፈተ። ኦዲተሩ ተመልሶ ሲመጣ «ተደጋጋሚ ግኝት» ብሎ በቀይ ጻፈው። ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ አድርገው ካቆዩን በኋላ ኃላፊው ብቅ ብሎ፣ ቁሙ ወይም ተቀመጡ እንኳ ሳይል፣ «እኛ ያስረከብነው ሰነድ 600 ነው የሚለው፤ ከዚያ በኋላ የነካው የናንተ ሰው ነው» አለን። ሎጉን አሳየሁት። አላየውም። «ድጋሚ የምንመጣ ከሆነ ክፍያው አዲስ ነው» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። በእኛ ገንዘብ የመጣውን ችግር እኛው ድጋሚ እንድንከፍልበት!

አለቆቻችን ከፈሉ። እኔ ነገሩን አግኝቼዋለሁ፣ የ40 ከስተምን 600 ወደ 700 ማድረግ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ግን የውጭ ሰው ያለው ይበልጣል። ሰውዬው መጣ፣ ፓስወርዱን መለሰ። ያኔ ደግሞ ሌላውን ጉድ አስቀመጠልን።

ግራብ ላይ ሱፐርዩዘር ስታስቀምጪ፣ በነባሪው ፓስወርድ የሚጠይቀው ሜኑውን ለማስተካከል ብቻ አይደለም። ለማስነሳትም ነው። ኡቡንቱ ላይ ይህን ለማስቀረት 10 ሊኑክስ በሚባለው ፋይል፣ ክላስ የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ፣ ከመዝጊያው ጥቅስ በፊት፣ ሁለት ሰረዝ አድርገሽ አንሪስትሪክትድ የሚለውን ቃል ትጨምሪያለሽ። ያኔ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። ኢ ተጭኖ ማስነሻውን ሊቀይር፣ ወይም ሲ ተጭኖ ወደ ኮማንድ ሊገባ የሚሞክር ሰው ብቻ ይጠየቃል። እኛ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ሰው ኢ ተጭኖ የማስነሻ መስመሩ ላይ ሼል (ኮማንድ መቀበያ) አስጨምሮ ያለ ፓስወርድ ሩት እንዳይሆን። ሰውዬው ይህን ቃል አልጨመረም።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን መርሳት ምን ማለት እንደሆነ አስቢ። መብራት ይሄዳል።

ሄደም። ዩፒኤሱ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አልጠበቀም። መብራት ሲመጣ ሁሉም ማሽን ተነሳ፣ ዋናው ሰርቨር ግን የለም። ፒንግ አይመልስም። በኤስኤስኤች ልግባ ብትዪ ሊኑክሱ ራሱ አልተነሳም። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ሞኒተር የለም፤ ከፀሐፊዋ ጠረጴዛ ነቅዬ ይዤ ሮጥኩ። ስሰካው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ የተጠቃሚ ስም አስገባ ይላል፣ ከጎኑ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ፓስወርዱ ያለው ሰውዬው ጋ ነው። ስልኩ ዝግ ነው። ታች ባለጉዳዩ ተሰልፏል፣ የመስኮት ሠራተኞቹ ሲስተም የለም እያሉ ሰው ይመልሳሉ። ከደብረ ብርሃን ድረስ የመጡ እናት ነበሩ፣ ነገ ይምጡ ተባሉ። እስካሁን ያናድደኛል።

ማንንም አልጠበቅኩም። በፍላሽ ላይ ያለ ኡቡንቱ አስነሳሁ፣ የሰርቨሩን ዲስክ ማውንት አድርጌ (ከፍላሹ ሆኜ ከፍቼ) በሲኤች ሩት ኮማንድ ወደ ሰርቨሩ ሲስተም ገባሁ፣ 10 ሊኑክስ ላይ ያቺን ቃል ጨመርኩ፣ 40 ከስተምን 700 አደረግኩ፣ አፕዴት-ግራብ አልኩና ሪስታርት። ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ቢሮ ለሰርቨር የውጭ ሰው አልተጠራም፣ በዚህ ኩራት ይሰማኛል። ሌላም ነገር ልብ በዪ፦ እኔ በፍላሽ ከገባሁ ሌላውም ይገባል። የግራብ ፓስወርድ ማሽኑ አጠገብ የደረሰን ሰው ብቻውን አያቆምም። የባዮስ (ከግራብም በፊት የሚነሳው የማሽኑ ፕሮግራም) ፓስወርድ፣ የዲስክ ኢንክሪፕሽን፣ ቁልፍ ያለው በር፣ እነዚህን አብረሽ ጠይቂ።

10 ሊኑክስን ከነካሽ በኋላ የግራብ ፓኬጅ አፕዴት ሲመጣ «ያንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ልጫን» ብሎ ይጠይቅሻል። አዲሱን ካልሽ ቃሏ ትጠፋለች፣ ሰርቨሩም በሚቀጥለው መብራት መሄድ ይቆማል። ያንቺን አቆዪ፣ ልዩነቱን ግን አሳይኝ ብለሽ እዪው።

ለኦዲተሩ መልስ ስትጽፊ «600 አድርገናል» ብቻ አትበዪ፣ ያንን አንዴ ሰምቷል። ከርነል እስኪመጣም አትጠብቂ። አፕዴት-ግራብ ራስሽ በዪ፣ ወዲያው ስታት አድርገሽ 600፣ ሩት፣ ሩት (ባለቤቱም ግሩፑም ሩት) የሚለውን ውጤት ያዢ፤ የ40 ከስተምንም 700 ጨምሪበት። ሪስታርቱን በሥራ ሰዓት ሳይሆን ሞኒተርና ኪቦርድ ሰክተሽ፣ አጠገቡ ቆመሽ ሞክሪው። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይግባ፣ ባንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ አይቀመጥ።

ሌሎቹ ሰርቨሮችሽ ሬድ ሃት (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ከሆኑ መንገዱ ሌላ ነው። ግራብ2-ሴትፓስወርድ የሚባል ኮማንድ አለ፤ ሃሹን ዩዘር ዶት ሲኤፍጂ የሚባል የተለየ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ፓስወርዱም ለማስተካከል እንጂ ለማስነሳት አይጠይቅም። ዩኢኤፍአይ (የባዮስ ተተኪ) ባለው ማሽን ላይ ደግሞ ቡት ኢኤፍአይ የሚባለው የዲስክ ክፍል ፋት በሚባለው፣ የሊኑክስ ፐርሚሽን በማይመዘግብ ዓይነት የተሠራ ስለሆነ ችሞድ አይዝም፤ ኤፍኤስታብ (ዲስኮች እንዴት እንደሚከፈቱ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ ዩማስክ 0077 ብለሽ ነው የሚዘጋው።

ሞክሪውና የስታት ውጤቱን እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ። የ40 ከስተምን ውስጥ ግን እንዳትለጥፊ፣ ሃሹ አለበት።