ካሜራውን ማጥፋት ይቻላል

ኦቲስቲክ መሆኔን፣ ማለትም ኦቲዝም እንዳለኝ፣ ያወቅሁት በ41 ዓመቴ ነው፤ ያኔ በሰው አገር 14 ዓመት ኖሬ ነበር። ከዚያ በፊት ለማያባራ ቅዠትና ድንጋጤ ብዬ ቴራፒ ጀምሬ አቋርጫለሁ። ቴራፒስቱ በየቀጠሮው ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንዳወራ ይፈልግ ነበር። እኔም ዓይኑን ለማየት ስታገል የሚለው ነገር ያመልጠኛል። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ደህና ሰው መስዬ እወጣና ቤቴ ስደርስ ሁለት ቀን ቃል አይወጣኝም። ለሕክምና ብዬ ሄጄ ትወና ሠርቼ ነበር የምመለሰው።

ከዓመታት በኋላ በቪዲዮ ከሌላ ቴራፒስት ጋር ስጀምር መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰላችሁ? ያንኑ ትወና በስክሪን ቀጠልኩ። ካሜራው ውስጥ ፈገግ እላለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ የገዛ ፊቴን እያየሁ አስተካክላለሁ። ክፍሉ የኔ፣ መብራቱ የኔ፣ ወንበሩ የኔ፤ እኔ ግን እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ተሸማቅቄ ተቀምጬ ነበር። እናንተም እንደኔ ኦቲስቲክ ሆናችሁ በቪዲዮ የትራውማ (ክፉ ገጠመኝ ጥሎት የሚሄድ የአእምሮ ቁስል) ሕክምና ብትጀምሩ ይህን ጊዜ አታባክኑት ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት፣ ኦቲዝምና ትራውማ ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ዓይን መሸሽ፣ ድምፅ መፍራት፣ በድንገት ዝም ብሎ መድረቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መራቅ ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል። ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። የአምቡላንስ ጩኸት ስሰማ ጆሮዬን የምይዘው ድምፁ ራሱ እንደ መርፌ ስለሚወጋኝ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ክፉ ሌሊት ስለሚያስታውሰኝም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የፈሩትን ነገር በባለሙያ እርዳታ ቀስ እያሉ በመጋፈጥ ሊለዝብ ይችላል። የመጀመሪያውን «ልመደው» ተብሎ መጋፈጥ ግን ሰውን ማሰቃየት ነው፤ ለእሱ የጆሮ መከላከያ ይበቃል። በእኔ ላይ ሁለቱም ተደርበው ነበር። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት የሚያውኳችሁን ነገሮች ጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን «ያመኛል» ወይም «ያስታውሰኛል» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። መለየት ያቃታችሁንም «አላውቅም» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ይህችን አንዲት ገጽ ካመጣሁ በኋላ ቴራፒስቴ ሙሉ ዕቅዷን ቀይራለች።

«የኔ ነገር ትራውማ ይባላል እንዴ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ፒቲኤስዲ (ከክፉ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ሲገባ የታሰበው ከባድ አደጋ፣ ጦርነት፣ ጥቃት ነበር። ከእኛ መካከል ያንን ያየ ብዙ ነው። የአንዳንዳችን ቁስል ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፦ ከልጅነት ጀምሮ ሲሾፍብን፣ «ምን ሆነህ ነው?» ስንባል፣ ስንገሠጽና ስንገፋ የተጠራቀመ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ለተደጋጋሚና ረጅም ስቃይ «ውስብስብ ፒቲኤስዲ» የሚል ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቷል። ስሙን የሚሰጠው ባለሙያ ነው። እናንተ ግን «ይሄማ ትንሽ ነገር ነው» እያላችሁ አታሳንሱት።

የሕክምና ዓይነቶቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንደኛው ሲፒቲ የሚባል፣ በአሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፓትሪሺያ ሬሲክ የተጀመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቀጠሮ የሚወስድ ነው፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ዓይነት ሐሳቦችን በወረቀት ላይ እየጻፉ መመርመር ነው። ቅጽ መሙላትና ግልጽ ቅደም ተከተል ለምንወድ ሰዎች ይመቻል። ሌላው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1987 የደረሰችበት፣ ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስ ነው፤ ኢኤምዲአር ይባላል። በስክሪን ሲሆን የምትንቀሳቀስ ነጥብ በዓይን ትከተላላችሁ። ነጥቧ ካዞረቻችሁ፣ እኔን አዙራኝ ነበር፣ እጆቻችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ ትከሻችሁን በየተራ መታ መታ ማድረግ ትችላላችሁ። ይህ ትከሻን መታ መታ የማድረግ ዘዴ የተጀመረው በሜክሲኮ ከፖሊን አውሎ ነፋስ ከተረፉ ሰዎች ጋር ሲሠራ ነው። በአሜሪካ በቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በቪዲዮ የሚሰጥ የትራውማ ሕክምና በአካል ከሚሰጠው ብዙ እንደማያንስ አሳይተዋል። እነሱ ግን ስለ ኦቲስቲክ ሰዎች ተብለው የተሠሩ አልነበሩም፤ ለእኛ ማስተካከያ ያስፈልጋል።

ትልቁ ማስተካከያ ስለ ስሜት የሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። «አሁን ምን ይሰማሃል?» ሲሉኝ ባዶ ነበር የምሆነው። ከኦቲስቲክ ሰዎች ግማሽ ያህሉ የራሳቸውን ስሜት ለይተው መሰየም ይቸግራቸዋል፤ አሌክሲታይሚያ ይሉታል። ስሜት የለንም ማለት አይደለም፤ ስሙ አይመጣም። አማርኛ ደግሞ ስሜትን በሆድና በአንጀት ይናገራል። አንዴ በአስተርጓሚ «ሆዴ ባባ» ብዬ ቴራፒስቷ የሆድ ሕመም መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ፤ ግን መንገዱ የተገኘው እዚያ ነው። «ምን ይሰማሃል» የሚለውን ትታ «ደረትህ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? እጅህ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?» ትለኝ ጀመር። ይህን መመለስ እችላለሁ። ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር መስጠትም እችላለሁ። እናንተም እንዲህ እንዲጠይቋችሁ በግልጽ ለምኑ።

አስተርጓሚ ካነሳን አይቀር፣ ማኅበረሰባችን ትንሽ ናት፤ የሰማውን የሚያወራም አይጠፋም። አስተርጓሚው ከሌላ ከተማ እንዲሆን፣ በስልክ ብቻ እንዲገባ፣ ስማችሁም እንዳይነገረው መጠየቅ ትችላላችሁ። ሁለት ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ መጥፎው ነገር በደረሰበት ቋንቋ ማውራት ያቃጥላል፤ በሁለተኛው ቋንቋ ግን ከሩቅ ይታያል። ሁለቱም ጥቅም አላቸው። በመካከል ቋንቋ ብትቀይሩ ማንም አይቆጣም።

ቴራፒስት ስትመርጡ «ኦቲዝም ላይ ልምድ አለኝ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ብዙዎቹ ልምዳቸው ከሕፃናት ጋር ነው። «ከኦቲስቲክ አዋቂ ጋር ስትሠራ ምን ትቀይራለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀይረውን ነገር ባንድ በሁለት ምሳሌ መናገር ካልቻለ እለፉት። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ ስለዚህ የመረዳት ሥራው በሙሉ በእናንተ ጫንቃ ላይ አይጣልም።

እኔ ዛሬ ለማንኛውም አዲስ ባለሙያ ከቀጠሮው በፊት የምልከው ይህን ነው፦

«ኦቲስቲክ ነኝ። ስናገር ዓይን አላይም፤ እየሰማሁ ነው። ከጥያቄ በኋላ ረጅም ዝምታ ያስፈልገኛል፤ እባክዎ ጥያቄውን በሌላ ቃል አይድገሙት። የዕለቱን ርዕስ ከአንድ ቀን በፊት ይጻፉልኝ። መናገር ሲያቅተኝ በጽሑፍ እቀጥላለሁ። ሰዓት የሚቀየር ከሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትናቋት። እናንተና ቴራፒስታችሁ በተለያየ አገር ካላችሁ አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ሲያዞሩ ቀጠሮው ይምታታል፤ ለእኛ ደግሞ ያልተጠበቀ ለውጥ የሳምንት ሰላም ይነሳል። ፈቃዱንም አጣሩ። ለምሳሌ በአሜሪካ ባለሙያው ፈቃድ ሊኖረው የሚገባው በአብዛኛው እናንተ በምትቀመጡበት ግዛት ነው፤ ግዛት ስትቀይሩ ቴራፒው ሊቋረጥ ይችላል። መረጃችሁ የት እንደሚሄድም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አንድ ትልቅ የኦንላይን ቴራፒ ኩባንያ የደንበኞችን መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከሶት፣ ጉዳዩ በ7.8 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ነው ያለቀው።

ቤቱንም አዘጋጁ። የራሳችሁን ምስል ከስክሪኑ ደብቁት። ግድግዳው ድምፅ የሚያሳልፍ ከሆነ በሩ ሥር ቬንቲሌተር ክፈቱ፤ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ ግቡ። በእጃችሁ የምታፍተለትሉት ነገር ያዙ። ቀጠሮው ሲያልቅ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ በድንገት ማድ ቤታችሁ ውስጥ ትገኛላችሁ፤ የመመለሻ መንገድ የለም። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ባዶ ጊዜ ተዉ፤ ወደ ሥራ ስብሰባ አትግቡ።

የሚጎዳችሁ ሰው እዚያው ቤት ካለ፣ ወይም ራስን ስለማጥፋት የምታስቡ ከሆነ፣ ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም። ይህ ሐሳብ በኦቲስቲክ ሰዎች ላይ ከሌላው ይልቅ ይበዛልና አትደብቁት። ቴራፒስቱ አድራሻችሁንና የቅርብ ሰው ስልክ ሲጠይቅ መልሱለት፤ ለክፉ ቀን ነው። ዛሬ ከበዳችሁ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደምትኖሩበት አገር የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውሉ።

በስምንተኛው ቀጠሮዬ ቃል ጠፋብኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ካሜራው ፊት ደርቄ ቆየሁ፤ ከዚያ በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ «ዛሬ መናገር አልችልም፤ እየሰማሁ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እሷ የራሷን ካሜራ አጥፍታ «እሺ፤ እኔም እጽፋለሁ» አለችኝ። የቀረውን አርባ ደቂቃ በጽሑፍ ጨረስን። ያን ቀን የነገርኳትን ነገር ለማንም ሰው ነግሬ አላውቅም ነበር።