በ8 ከማካፈላችሁ በፊት

ለጀማሪ የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣

ከድሮ ኮምፒውተር ዳታ እንድታወጡለት የሚመጣ ደንበኛ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። መልሱ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በማየት ብቻ አይገኝም። ሞደሙ በቢት፣ ሲዲው በ«ኤክስ» (ከመነሻ ፍጥነቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ በሚናገር ቁጥር)፣ ሃርድ ዲስኩ በባይት ነው የሚነገረው። ከማወዳደራችሁ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ አምጡ። የፋይል መጠን የሚለካው በባይት ስለሆነ «በሰከንድ ስንት ባይት» የሚለው ይሻላችኋል።

ቢትን ወደ ባይት ለመቀየር በ8 ማካፈል እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ፤ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በድሮው ሲሪያል ፖርት (ቢቶችን ተራ በተራ በሚልክ ማገናኛ) 9,600 ቢት በሰከንድ ማለት 1,200 ባይት አይደለም። በተለመደው አሠራር ከእያንዳንዱ ባይት በፊት አንድ መነሻ ቢት፣ ከኋላው አንድ ማቆሚያ ቢት ይጨመራል። አንዱ ባይት በሽቦው 10 ቢት ሆኖ ስለሚያልፍ የሚደርሳችሁ 960 ባይት ነው። ሳታም (የሃርድ ዲስክ ማገናኛ) በ10 ይካፈላል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ 8 ቢት ወደ 10 ቢት ኮድ ተቀይሮ ስለሚላክ የመጀመሪያው ሳታ 1.5 ጊጋቢት 150 ሜጋባይት እንጂ 187.5 አይሆንም። ይህን ልማድ ወደ ኤተርኔት እንዳትወስዱት። የ100 ሜጋቢት ካርድ ለኮዱ የሚያስፈልገውን ትርፍ ከመነሻው በሽቦው ላይ ጨምሮታልና በ8 ነው የሚካፈለው። 12.5 ሜጋባይት ይመጣል፤ ፓኬቶቹ የሚሸከሙት አድራሻና መቆጣጠሪያ ሲቀነስ ለፋይሉ 11.8 ገደማ ይተርፋል።

ሞደም ላይ «ቦድ» የሚል ካያችሁ ቢት ነው ብላችሁ አትለፉት። ቦድ በሰከንድ የሚላኩት ምልክቶች ብዛት ነው። የ2,400 ቢት ሞደም 600 ቦድ ብቻ ነው፤ በአንድ ምልክት 4 ቢት ይጭናል። «56 ኬ» የሚባለውም 56 ኪሎቢት የሚደርሰው ቢበዛ፣ ያውም ወደ እናንተ ሲመጣ ነው። በቪ.90 (የ56 ኬ ሞደም ደረጃ) ስትልኩ ጣሪያው 33.6 ኪሎቢት ነው።

ቀጥሎ የ1,000ና የ1,024 ጣጣ አለ። ፍሎፒን ውሰዱ፦ 2 ገጽ፣ በገጹ 80 ትራክ፣ በትራኩ 18 ሴክተር፣ በሴክተሩ 512 ባይት። ሲባዛ 1,474,560 ባይት ነው። በሚሊዮን ብታካፍሉት 1.47፣ በ1,048,576 ብታካፍሉት 1.41 ይመጣል። ታዲያ 1.44 ከየት መጣ? አንዴ በ1,024፣ አንዴ በ1,000 ተካፍሎ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ድቅል ቁጥር። ፍጥነቱንም ከዚሁ ታወጡታላችሁ። ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ፣ በሰከንድ 5 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ዙር 9,216 ባይት ቢነበብ በሰከንድ 46,080 ባይት ነው። ሙሉውን ለማንበብ ቢያንስ 32 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ጭንቅላቱ ከትራክ ወደ ትራክ የሚሄድበት ጊዜ ሲታከልበት ከዚያ ይበልጣል። የ40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 37.2 ሆኖ የሚታየውም በዚሁ የ1,000ና የ1,024 ልዩነት ምክንያት ነው። ደንበኛው «ጎደለብኝ» ቢል ይህን አስረዱት።

«ኤክስ» የተፈጠረው ለሻጭ ይመስለኛል። የሲዲ አንድ ኤክስ በሰከንድ 75 ሴክተር፣ እያንዳንዱ 2,048 ባይት ስለሆነ 153,600 ባይት ነው። የዲቪዲ አንድ ኤክስ ግን 1,385,000 ባይት ገደማ፣ ማለትም የሲዲውን 9 እጥፍ ነው። ስለዚህ 16 ኤክስ ዲቪዲ ከ52 ኤክስ ሲዲ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይፈጥናል። ደግሞ 52 የሚገኘው በሲዲው ውጫዊ ጠርዝ ብቻ ነው። ንባቡ ከመሃል ስለሚጀምር መጀመሪያ ላይ ከግማሹ በታች ታያላችሁ፤ ድራይቩ ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት።

አሁን ያን የ40 ጊጋባይት ዲስክ በዩኤስቢ 1.1 እናውጣው። ደረጃው 12 ሜጋቢት ነው። ሜጋባይት መስሎት ያካፈለ ሰው 55 ደቂቃ ይላል። እንደ እውነቱ በየሚሊሰከንዱ ቢበዛ 19 ፓኬት፣ እያንዳንዱ 64 ባይት ይዞ ያልፋል፤ ጣሪያው በሰከንድ 1,216,000 ባይት ነው። በሥራ ላይ 1 ሜጋባይት ብላችሁ ያዙት፦ 40,000 ሰከንድ፣ ከ11 ሰዓት በላይ። ያው ዲስክ ዩኤስቢ 2.0 ላይ በ30 ሜጋባይት ቢሄድ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። 480 ሜጋቢት ስለተባለ 60 ሜጋባይት አትጠብቁ። ደግሞ ፖርቱ 2.0 ሆኖ በመሃል የገባው ማከፋፈያ 1.1 ከሆነ የምታገኙት የማከፋፈያውን ነው።

ዲስኩን በቀጥታ በአይዲኢ (የድሮ ሃርድ ዲስክ ከማዘርቦርድ ጋር በሚገናኝበት ሰፊ ኬብል) ካገናኛችሁት ኬብሉን እዩ። ባለ 40ውም ባለ 80 ሽቦውም ኬብል ሶኬቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የ80ው ሽቦዎች ግን ቀጠን ቀጠን ያሉ ናቸው። ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ጥቁሩ ማስተር (አንደኛው ዲስክ) ላይ፣ የመሃሉ ግራጫ ስሌቭ (ሁለተኛው ዲስክ) ላይ ይሰካል። በ40ው ኬብል በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚችል ዲስክ 33 ላይ ይቆማል። ከዚህ የባሰው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ይመጣል። የማስተላለፍ ስህተት ሲደጋገም ሲስተሙ ዲኤምኤን (ዳታ በፕሮሰሰሩ ሳያልፍ በቀጥታ ከራም ጋር የሚለዋወጥበትን መንገድ) ትቶ ወደ ፒአይኦ (ፕሮሰሰሩ ራሱ ወደሚያስተላልፍበት መንገድ) ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ጥቂት ሜጋባይት ይሆናል፣ ፕሮሰሰሩም ይጨናነቃል። መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ ዲስኩ ያለበትን የአይዲኢ ቻናል አንኢንስታል አድርጉና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሡት፤ ሲነሣ ወደ ዲኤምኤ ይመለሳል። ኬብሉን ሳትቀይሩ ይህን ብታደርጉ ስህተቱ ተመልሶ ያወርደዋል።

ለደንበኛው ሰዓት ከመንገራችሁ በፊት ከራም የሚበልጥ አንድ ፋይል ኮፒ አድርጉና በሰዓት ለኩ፤ ትንሽ ፋይል ካሽ (ራም ውስጥ ያለ ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ስለሚቀር የሐሰት ፍጥነት ያሳያችኋል። ዲስኩ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ፋይሎች የተሞላ ከሆነ ግን በዚህ ልኬት አትተማመኑ፤ ያኔ ፋይል በፋይል ከመቅዳት ዲስኩን ሴክተር በሴክተር በአንድ ኢሜጅ (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ በሆነ አንድ ፋይል) ማውጣት ይሻላል።