ለታዳጊዎች ካምፕ በጎ ፈቃደኞችን በአንድ ቅዳሜ ማሰልጠን ይቻላል?

እህቴ፣ «ለ3 ቀን የታዳጊዎች ካምፕ 12 አዲስ በጎ ፈቃደኞች አሉኝ፤ ለሥልጠና ያለኝ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ከምን ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይቻላል። ግን እኔ መጀመሪያ እንዳደረግኩት አታድርጊ።

እኔ 20 ገጽ ደንብ አሳትሜ አነበብኩላቸው። ሁሉም ፈረሙ። በካምፑ ሁለተኛ ቀን ከሽርሽር ስንመለስ አንድ ልጅ ጎደለ። አውቶቡሱ መንገድ ጀምሯል። እኔ ጓደኛዬ ቆጥሯል ብዬ፣ እሱ ደግሞ እኔ የቆጠርኩ መስሎት ነው የወጣነው። ልጁ መጸዳጃ ቤት ነበር፤ ደግነቱ ቶሎ አገኘነው። ደንባችን «ከመነሳት በፊት ልጆች ይቆጠሩ» ይላል እንጂ ማን ይቁጠር አይልም ነበር። አሁን አንድ ሰው በስሙ ተመድቦ ይቆጥራል፣ ሌላው ስም ይጠራል። ሁለቱ ካልገጠመ ሞተር አይነሳም።

ስለዚህ ደንቡን ቀድመሽ ላኪላቸውና ቅዳሜን ለልምምድ ተዪው። ሁለት ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ልጅ ሆኖ «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም ግን እንዳትናገር» ይበል። አዲስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ከደግነቱ የተነሳ «እሺ፣ በመሃላ!» ይላል። ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባት የለበትም። «አንተን የሚጎዳ ነገር ከሆነ ሊረዳን ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ» ማለትን አፉ እስኪለምድ ይደጋግም። ከዚያ ማዳመጥ ብቻ ነው። ምርመራ የለም፣ «እርግጠኛ ነህ?» የለም፣ ስሙ የተነሳውን ሰው ሄዶ ማፋጠጥም የለም። ልጁ ያለውን በልጁ ቃል ይጻፍ፣ ቀንና ሰዓት ያስፍር፣ በዚያው ቀን በካምፑ ለልጆች ደህንነት ለተመደበው ኃላፊ ይስጥ። የተጠቀሰው ሰው ራሱ ኃላፊው ቢሆንስ? ለዚህ ሁለተኛ ተጠሪ ከወዲሁ ይታወቅ። ልጁ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ቀጥታ ለፖሊስ ነው የሚደወለው።

ሌላው ልምምድ መረከቢያ ሰዓት ላይ ነው። አንዱ «አጎቱ ነኝ» ብሎ ይምጣ። ስሙ ወላጅ በሞላው ቅጽ ላይ ከሌለ፣ ልጁ እየሮጠ ቢያቅፈውም እንኳ፣ ወላጅ ሳይደወልለት አይሰጠውም። ይሉኝታ ያለበት ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ስለዚህ ነው የሚለማመደው።

አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዓይን ተሰውሮ ለብቻው አይሆንም። ይህን ስናገር «አታምነንም እንዴ?» የሚሉ አሉ። ልጁን ይጠብቃል፣ እነሱንም ከሐሜት ያድናል እላቸዋለሁ። ማውራት ካስፈለገ ሜዳው ላይ፣ ሰው በሚያይበት። የግል የቴሌግራም መልእክትም እንደ ተዘጋ ክፍል ነው የሚቆጠረው።

ስለ ቁጥር፦ የእንግሊዙ የሕፃናት ጥበቃ ድርጅት ኤንኤስፒሲሲ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ለ8 ልጅ፣ ከ13 እስከ 18 ላሉ ለ10 ልጅ ቢያንስ አንድ አዋቂ ይመክራል። ምግብ አብሳይና ሹፌር ባይቆጠሩ ይሻላል፤ ሥራ ላይ ናቸውና። የአለርጂና የመድኃኒት ዝርዝሩ ደግሞ ቢሮ ተቆልፎበት እንዳይቀር፣ ከቡድን መሪው ጋር ይሂድ።

በልምምዱ እየቀለደ «ይሄ እኛን አይመለከትም» የሚል ሰው ካየሽ፣ ወጥ ቤት ልመድበው አትበይ። ወጥ ቤቱም እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው።